የመምህር ገመቹ አንባቢ

ባለፈው ሳምንት የቤቴን በር ሊያስተካክል የመጣ አናጺ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ፣ የእንጨቱ ብናኝና የኮላው ሽታ ተደባልቆ ሳሎን ገባ። አፍንጫዬ እኔን ሳያስፈቅድ ተነስቶ ሦስተኛ ክፍል ሄደና ዴስክ ላይ ቁጭ አለ። አናጺው በበሩ ብቅ ብሎ «እህቴ፣ ሽታው አስቸገረሽ እንዴ? ውጭ ላውጣልሽ?» ሲለኝ «ኧረ ተው፣ ፈግፍግ! እንዲያውም በደንብ ፈግፍግ!» አልኩት። ምን እንደነካኝ ግራ ገብቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ ፊደል የለየሁት በዚያ ወረቀት መሆኑን በምን ይወቅ።

ቤታችን ናዝሬት፣ መናኸሪያው ጀርባ ነበር። ናዝሬት የምለው እናቴ እስከ ዛሬ አዳማ ማለት ስላልሆነላት ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ናቲ በሰማት ቁጥር ያርማት ነበር። እናቴ አስካለ ከቤታችን ፊት ለፊት ቁርስ ቤት ነበራት፤ ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳና ሻይ። ደንበኞቿ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና ማልደው የሚሳፈሩ ነጋዴዎች ናቸው። አባቴ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጂቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በዓመቱ ከፊቱ ይልቅ ድምፁን ነበር የምናውቀው።

እንግዲህ ምስጢሩ ይህ ነው። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አንዲት ቃል ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴም አላውቅም ነበር።

እንዴት ቢባል፣ በእኛ ትምህርት ቤት ንባብ የሚገባው በጆሮ ነበር። መምህሯ ታነባለች፤ ስልሳ ልጆች ተቀብለን የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪርገበገብ እንጮሃለን። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ሙጫ ነው። አንድ ምንባብ ሦስት ጊዜ ከተጮኸ ከነትንፋሹ ይዤው እቀራለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ፊቴ ዘርግቼ፣ ሥዕሉ ዶሮ ከሆነ የዶሮውን፣ ወንዝ ከሆነ የወንዙን እንደ ውሃ አወርደዋለሁ፤ ጣቴን እንኳ በመስመሩ ሥር እየጎተትኩ! ማንበብ ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ ያሉት ልጆች ቃል በቃል ሲንተባተቡ፣ ምስኪኖች አላጠኑም እያልኩ አዝንላቸው ነበር።

ፊደሉን ራሱን ካየሁትማ እንደ መናኸሪያ ተሳፋሪ ይጋፋብኝ ነበር። ባ እና ቦ ሁለቱም ያነክሳሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የትኛው በየት እንደሆነ ግን ዛሬ ብይዘው ነገ ይገለበጥብኛል። ሰ እና ሸ ወንድማማቾች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የትኛው ባርኔጣ እንዳለው እረሳለሁ። ይህ የሁሉም ሰው ጣጣ ስለመሰለኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሲያነጥስ ዓይኑ እንደሚጨፈን ለማን ይነገራል?

ሁለተኛ ክፍል እያለሁ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ አውጥተውኝ የዶሮዋን ምንባብ አንበለበልኩት። እልልታው ቀለጠ። እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ ከፊት ወንበር ላይ ስታለቅስ አየኋት፤ ሳምንቱን ሙሉ ፉል ለቀረበለት ሁሉ ከዳቦው ጋር የእኔ ወሬ ይቀርብለት ነበር። እሷ ከሁለተኛ ክፍል አቋርጣ ቁጥር እንጂ ፊደል እምብዛም አልቀራትም፤ ወረቀት ሲመጣ ለደንበኞቿ ነበር የምታስነብበው።

ሦስተኛ ክፍል በገባን በሁለተኛው ወር ርዕሰ መምህሩ ባንዲራ ሰቅለን እንደቆምን ድምፅ ማጉያውን ነፋ ነፋ አደረጉና «ከእንግዲህ ማንበብ የማይችል ልጅ ሦስተኛ ክፍል አይቀመጥም! ወደ አንደኛ ክፍል ወርዶ ፊደል ይቆጥራል!» አሉ። አንደኛ ክፍል ማለት የናቲ ክፍል ነው፤ ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉ ልጆች ያሉበት። ዞር ብዬ የክፍል ጓደኞቼን በሐዘኔታ አየኋቸው። እኔን ይመለከተኛል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

በዚያው ሰሞን ነው ለመምህር ገመቹ አንባቢ የተመረጥኩት።

መምህር ገመቹ በመቂ በኩል ያደጉ፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው አያይም። ለሰባተኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ያስተምራሉ፤ የቀረውን ጊዜ ከግቢው ጥግ በነበረች፣ ቀድሞ የተሰባበረ ዴስክ በሚከመርባት ክፍል ያሳልፋሉ። የክፍሏ ስም የድጋፍ ክፍል ነው። በሩ ላይ ተጽፏል አሉ፤ እኔ ግን መርፌ የሚወጋበት ክሊኒክ ስለመሰለኝ በዚያ ሳልፍ ትንፋሼን እውጥ ነበር። እንደሳቸው ላለ መምህር የተማሪ መልስ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋልና፣ የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር ዘነበች «ከሦስተኛ ክፍል እንደ ሰናይት የሚያነብ የለም» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ እጃቸውን ዘርግተው። እንደምን አለሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ክርናቸውን ይዤ ከበር እስከ ክፍል መምራት፣ ከዚያ ማንበብ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተዘርግቶ አየሁ፤ ወረቀቱ ሁሉ ጉጥ ጉጥ ብሏል። ብርድ የመታው ክንድ ነበር የሚመስለው። በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ጥያቄውን ሲያነቡ፣ ጥፍራቸውን ከቆረጡ የተማሩት እንዳይጠፋባቸው ሰጋሁ።

«ጥያቄ አንድ። የዜጋ ግዴታ ምን ምን ነው? በይ የመጀመሪያውን ልጅ መልስ አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። ሥዕል የለውም። ማንም ጮኾ አላነበበልኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጄን ቀረሁ። ቀና ብዬ ሳያቸው ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። እሳቸው አያዩም፣ እኔ አለሁ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?

«አበበ» አልኩ ስም ፈጥሬ። «የዜጋ ግዴታ ጠዋት ተነስቶ ፊትን መታጠብ፣ እናትን ማገዝ፣ ብርጭቆ ማጠብና ደንበኛን ማክበር ነው።»

«ጋሪ ዳ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «ቀጥዪ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ቀጠልኩ። ሠላሳ ሁለት ወረቀት፣ ሠላሳ ሁለት መልስ። አንዱን ልጅ ሰነፍ አደረግኩት፤ አንዷን ጎበዝ። እየጣፈጠኝም ሄደ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ መምህር ገመቹ ኬናቸውን፣ ያን መንገድ የሚፈልጉበትን ነጭ በትር፣ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «ሰናይት» አሉኝ ቀስ ብለው። «የዚህ ፈተና ወረቀት ፊትና ጀርባ ነው የተጻፈበት። በሦስት ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ ወረቀት ሲገለበጥ አልሰማሁም።»

ከላይ ያለውን ወረቀት ቀስ ብዬ ገለበጥኩት፤ እውነትም ጀርባው ተጽፎበታል።

«ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ እናቱ ቁርስ ቤት ያላት መሆኑ ትንሽ ገርሞኛል።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ኬናቸው ወለል ላይ እስኪወድቅ ሳቁ። «ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። አበበ የሚባል ተማሪ የለኝም። ግን መልሱ ስለጣመኝ ዝም አልኩሽ፤ ያ ፊት መታጠብ ግዴታ ነው ያለው ልጅ ዐሥር ከዐሥር ይገባዋል።» ከዚያ ሳቃቸውን ጨርሰው፣ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ። «እስኪ ንገሪኝ፣ ፊደል ስታዪ ምን ይታይሻል?»

ነገርኳቸው። ስለሚጋፋው፣ ስለሚያነክሰው፣ ስለ ባርኔጣው። ሁሉም ሰው ላይ እንደዚያ ነው ወይ ብዬም ጠየቅኳቸው። «የለም» አሉኝ። «ግን ብቻሽንም አይደለሽም። እንዳንቺ ያሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ ዓይናቸው ደህና፣ ጆሯቸው ደህና ስለሆነ ሰው ስንፍና ይለዋል። እኔ በዓይኔ አላነብም አይደል? ታዲያ አላነብም? አንቺም በምን እንደምታነቢ እንፈልጋለን።»

ያኔ ነው የርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያ ትዝ ያለኝ። የሚወርደው ሰው እኔ ነኝ! ከናቲ ጋር፣ አንድ ዴስክ ላይ! እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ እናቴ እንዳትሰማ ለመንኳቸው። መምህር ገመቹ ብዙ ካሰቡ በኋላ «እኔ አልናገርም። ሲደርስ ግን አንቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ» አሉኝ። የፈተናውን ወረቀት ሌላ መምህር አነበበላቸው። እኔ ግን ከሥራዬ አልተባረርኩም።

ያቺ ክፍል ምንም አልነበራትም ማለት ይቻላል። የነበራትን ሁሉ እዚያው የሠራነው ነው። ከግቢው ጀርባ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ቁርጥራጭ ብርጭቆ ወረቀት እየለመንን እናመጣለን፤ ከእናቴ ቁርስ ቤት ባዶ የፓስታ ካርቶንና ቆርኪ። በቆርኪው ቁጥር እንማራለን። ብርጭቆ ወረቀቱ ደግሞ በፊደል ቅርጽ ተቆርጦ ካርቶን ላይ በኮላ ይለጠፋል። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ «ባ»ን እከተላለሁ፤ ወደ ታች ስወርድ ግራ እግሩ ቶሎ ያልቅብኛል። ጣት አይዋሽም። ዓይኔ ሲገለብጠው የኖረውን ጣቴ በሁለት ሳምንት ያዘው፤ ጫፉ ግን ቀልቶ ፉል መንካት እስኪያቅተኝ ድረስ።

የምትቆርጠው ሐያት ነበረች። ሐያት መስማት የተሳናት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ መቀስ እጇ ላይ ሲገባ ከልብስ ሰፊ ትበልጣለች። ፊደልን በእጇ ስትጽፍ ሳይ አፌን ከፈትኩ። ለ ለምትለው አንድ የእጅ ቅርጽ አላት፤ ሉ፣ ሊ፣ ላ ስትል ቅርጹ አይለወጥም፣ እጇ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ብቻ ይለያያል። ሰባቱም ቤት ሰባት እንቅስቃሴ! ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፊደሎቹ ሁለት መቶ ምናምን እንግዳ ሰዎች አይደሉም፣ ሠላሳ ምናምን ቤተሰብ ናቸው። ቲቸር ዘነበች ይህንኑ ስንት ጊዜ ተናግራው ይሆናል፤ እኔ ግን ያየሁት ከሐያት እጅ ነው። ከእናቴ ቁርስ ቤት ትኩስ ዳቦ እያመጣሁ እከፍላት ነበር።

መምህር ገመቹ ሌላም ነገር አስቆረጡልኝ፤ መሐሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን። እሱን ገጹ ላይ ሳሳርፈው የሚጋፋው ሕዝብ ሁሉ ውጭ ይቀራል፤ አንድ ሰልፍ ብቻ ይታየኛል። ሕግም ነበራቸው። መሸምደድ ክልክል ነው። የማላውቀው ቃል ከገጠመኝ ከራሴ መፍጠር የለም፤ «አላውቀውም» ማለት ብቻ። «አላውቀውም» ላልኩበት ሁሉ ከኮታቸው ኪስ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ይሰጡኛል። በየትኛው አገር ነው ላላወቀ የሚሸለመው? በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ እስኪነፋ በላሁ። እየቆየ ሽምብራው ሲያንስብኝ፣ የማውቃቸውን ቃላት ሁሉ አላውቅም ልበል እንዴ እያልኩ ተፈትኜ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊት ለፊቴ ባጃጅ ቆመ። ከኋላው በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። እንደ ልማዴ ላልፈው ስል «ም» የሚለው ፊደል ዝም ብሎ ቆሞ አየኝ። «ም… ቀ… ኛ…» አልኩ። «አ… ታ…» ስል ባጃጁ ተነሳ! ቦርሳዬ እየተወዛወዘ ሮጥኩ። «ቁም! አንዴ ቁም!» ሹፌሩ ተሳፋሪ መስዬው ቆመልኝ። ደርሼ «ሳ… ጣ… ኝ! ምቀኛ አታሳጣኝ!» ብዬ ጮህኩና አመስግኜው ተመለስኩ። ከኋላዬ የወረደብኝን ስድብ ዛሬም ድረስ አልቀየምኩትም።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ቲቸር ዘነበች በክፍል «ሰናይት፣ አንብቢ» ስትለኝ ተነስቼ ካርቶኔን ገጹ ላይ አሳረፍኩ። ምንባቡን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ላወርደው እችላለሁ። ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ። «በ… በ… ክ… ረምት» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ዘነበች ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳበሰችኝ። ይህ በየቀኑ ሆነ። አምና እንደ ውሃ የፈሰሰችው ልጅ ዘንድሮ እንደ ጎማው የተነፈሰ መኪና ትንፏቀቃለች። ናቲ ከሰማበት ሰምቶ ቁርስ ቤቱ በሰው እንደተሞላ «እማ! ሰኒ ማንበብ ረሳች!» ብሎ አወጀ።

እናቴ የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። ምክንያቱን ወዲያው አወቀችው። «ዓይን ነው» አለች። «በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አውጥተን አስነበብናት። በሏት፣ ልጄን በሏት!»

በማግስቱ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም የተሞላች ከረጢት አንገቴ ላይ ተሰቀለች። ሐያት ገና በሩ ላይ ሳለሁ አፍንጫዋን ይዛ በእጇ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ትርጉም አላስፈለገኝም። እሑድ ደግሞ ሦስታችንም ሶደሬ ሄድን፤ «የሶደሬ ውሃ ያልከፈተው ራስ የለም» ትላለች እናቴ። ፍል ውሃውን በጣሳ እያንቆረቆረች አናቴ ላይ ስታፈስ እኔ እጮሃለሁ፣ ናቲ ይስቃል፣ አንድ ጦጣ በዚህ መሐል ዳቧችንን ከነፌስታሉ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ስንመለስ እናቴ ከአውቶቡስ ሳንወርድ ከተቀመጥንበት ፊት የተለጠፈ ወረቀት አሳየችኝና በተስፋ «እስኪ በይ» አለችኝ። «በ… መስ… ኮት…» ስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማልቀሷን ሳይ እንደ ድሮዬ ፈጥሬ ብነግራት ምን ነበረበት ብዬ ተጸጸትኩ።

አንዲት ደንበኛዋ ነገሩን አባሰችው። «ከማያይ ሰው ጋር እየዋለች እኮ ነው። ዓይኗ ሰንፎ ነው» አለቻት። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የፈራ ሰው የማያምነው የለም። በበነጋው ሽርጧን ሳታወልቅ ድጋፍ ክፍል መጣች።

«መምህር፣ ልጄ ማንበብ ረሳች» አለቻቸው።

መምህር ገመቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወደ እኔ አቅጣጫ ፊታቸውን መለስ አድርገው ጠበቁ፤ እንድናገር ነው። እኔ ከእናቴ ሽርጥ ኋላ ተደበቅኩ። «አልረሳችም» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በፊት አታነብም ነበር። ገና አሁን መጀመሯ ነው።»

«በወላጆች ቀን ሕዝቡ ሁሉ ያጨበጨበላትስ? እኔስ የሰማኋት? ጆሮ የለኝም?» እናቴ እጄን ያዘች። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አትመራዎትም።»

እጄን ስትጎትተኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። መምህር ገመቹ እዚያው ቆመው ነበር። እውነቱን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈራሁ። እስከ ዛሬ ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዷ ያቺ ዝምታ ናት። ያን ሰሞን አባቴ በስልክ «የኔ ጎበዝ፣ ንባቡ እንዴት ነው?» ሲለኝ ስልኩን ለናቲ ሰጥቼ ሮጥኩ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት የታሸገ ደብዳቤ ሰጡኝና «ለእናትሽ» አሉኝ። ቤት ስደርስ ቁርስ ቤቱ ባዶ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሰው አይመጣም። እናቴ ፖስታውን ቀድዳ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «የሚያነብልኝ ሰው እስኪመጣ ይቀመጥ» አለች።

«እኔ ላንብብልሽ» አልኳት።

አየችኝ። በሐዘኔታ ነበር። «በይ እስኪ» አለችኝ፣ ልቤ እንዳይሰበር ብላ።

ካርቶኔን አወጣሁ። «ለ… ወይዘሮ… አስ… ካለ» አልኩ። «ልጅ… ዎ… ተማሪ… ሰናይት…» ስሜን ሳይ ደስ አለኝ። «የንባብ… ችሎ… ታዋ… ከጊዜ… ወደ ጊዜ…» ከዚያ አንድ ረጅም፣ አይቼው የማላውቅ ቃል ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሟል። በካርቶኑ ግማሹን ሸፈንኩት። «እያ… ሽ… ቆ… ለ… ቆ… ለ።» ደግሜ አየሁት። «እያሽቆለቆለ። እማ፣ እያሽቆለቆለ ማለት ምን ማለት ነው?»

እናቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀጠልኩ። «በመም… ጣቱ፣ ከሰኞ… ጀምሮ… ወደ…» ቀጥሎ ያለውን ቃል ከማንበቤ በፊት አየሁት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። «ወደ ሽልማት» ብል፣ «ወደ አራተኛ» ብል እናቴ በምን ታውቃለች? ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ግን አንዴ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትን ፊደል አላየሁም ማለት አቃተኝ። «ወደ… አንደኛ… ክፍል… ወርዳ… እንድት… ማር… ተወስኗል» አልኩና እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ናቲ ከጓዳ ሰምቶ እየዘለለ መጣ። «ከእኔ ጋር ልትቀመጪ ነው? ቦታ አለ! ቦታ እይዝልሻለሁ!»

እናቴ ግን ናቲን አልሰማችውም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ያን ረጅም ቃል ፈለገችው። «ይህን ማን አስጠናሽ?»

«ማንም።»

«ትርጉሙን አታውቂውም?»

«አላውቀውም።»

«የማታውቂውን ቃል ታዲያ እንዴት አነበብሽው?»

«በፊደሉ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ዶሮዋ ሥዕል፣ ስለ አበበ፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ መምህር ገመቹ ምስጢሬን ስለ መጠበቃቸው። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ከአንገቴ ላይ ነጭ ሽንኩርቱን በጥሳ ጣለችው።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ቤቱ አልተከፈተም። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ በቀጥታ ወደ ድጋፍ ክፍል ሄደች። መምህር ገመቹ ፊት ቆማ ክንዷን ሰጠቻቸው። እሳቸውም ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ ክርኗን ያዙ። እንደዚያ ሆነው ግቢውን አቋርጠው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ።

«ልጄ ማንበብ ትችላለች» አለች እናቴ፣ የነገርኳትን ሁሉ ዘርዝራ ስታበቃ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «ይህን አንብባልኛለች።»

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ። «እትዬ አስካለ፣ ይህቺ ልጅ ስትሸመድድ የኖረች ናት። ይህንንም አንድ ሰው አንብቦላት ሸምድዳው ይሆናል። ድጋፍ ክፍሉ ደግሞ ለማያዩና ለማይሰሙ ነው፤ እሷ ምን ጎደላት?»

መምህር ገመቹ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እናቴ ቀደመቻቸው። «ጌታዬ፣ የገዛ ቅጣቷን ሸምድዳ ለእናቷ የምታነብ ልጅ ካለችዎት ያሳዩኝ። ሽምደዳ ቢሆንማ 'አንደኛ ወጣች' ብላ ታነብልኝ ነበር! እኔ ምን አውቃለሁ? አምና ስታታልለን እልል አልን፤ ዘንድሮ እውነቷን ስታነብ አንደኛ ክፍል እናውርዳት?»

መምህር ገመቹ ጣሪያውን እያዩ ይስቁ ነበር። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እኔን አዩኝ፣ ደብዳቤውን አዩት። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እዚያው ሦስተኛ ክፍል ትቀመጥ። በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ድጋፍ ክፍል ትገባለች።» ከዚያ ደብዳቤውን ሊሰርዙት እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ቀድማ አነሳችው፣ አጠፈችው፣ ጡቷ ሥር ከተተችው።

በዚያው ቀን መስታወት ቤት ወስዳ ፍሬም አስገባችውና ቁርስ ቤቱ ውስጥ፣ ከሻይ ማሽኑ በላይ ሰቀለችው። አላፊ አግዳሚው ፉሉን እያላመጠ ቀና ብሎ ያነበዋል፤ ግራም ይጋባል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር እስከ ታች ድረስ አንብቦ ጨርሶ በሐዘኔታ «እትዬ አስካለ፣ ሰው አሳስቶዎት እንዳይሆን፤ ይሄ እኮ ልጅዎ አሽቆለቆለች የሚል ደብዳቤ ነው» አላት።

እናቴ ሻዩን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«አውቃለሁ» አለችው። «እሷ ናት ያነበበችልኝ።»